ለፈተና አዳምን ልጻፍ ወይስ ድንቅነሽን?

የሄርማታ እህት
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነኝ። ታናሽ ወንድሜን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት አይቀርም። ባለፈው ሳምንት የታሪክ መምህራቸው ስለ ድንቅነሽ አስተማሯቸው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብለው። ቤት ሲመጣ «ከአዳም እስካሁን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ዓመት ነው የተባልነው፤ ለፈተና የቱን ልጻፍ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ጎረቤታችን ያለችው የክፍል ጓደኛው ሙስሊም ናት፣ እሷም መድረሳ የተማረችውን ይዛ ያንኑ ትጠይቃለች። «ሁለቱም ልክ ነው» ተብሎ እንዲታለፍ አልፈልግም፣ ልጆቹ እንደዛ ሲባሉ እንደተሸወዱ ያውቁታል። ሳይንሱ በትክክል ምንድነው የሚለው? በምን አወቁት? ከሃይማኖት ጋር የሚጋጨውስ የቱ ጋ ነው? ስድብ የሚቀናችሁ ግን እባካችሁ እለፉኝ።

ባዮሎጂ አስተማሪ
እህቴ፣ ወንድምሽ ጎበዝ ነው፣ ጥያቄውን አታፍኚበት። እኔም እዚሁ ጅማ ነው የማስተምረው፣ በየዓመቱ ይሄው ጥያቄ ይመጣል።

መጀመሪያ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» የሚለውን እንተወው፣ ሳይንሱ እንደዛ አይልም። የሚለው ሰውና ቺምፓንዚ ከስድስት፣ ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው፣ ከዚያ ተለያዩ ነው። ዛሬ ቡና ጥላ ላይ የምናየው ጉሬዛ አያታችን አይደለም። ድንቅነሽም እንደ እኔና አንቺ ያለች ሰው አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ስትገኝ የአጽሟ 40 በመቶ ያህል ነው የተለቀመው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ አንጎሏም ከቺምፓንዚ ብዙ አይበልጥም። የዳሌዋና የጭኗ አጥንት ግን በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበር ያሳያል። ተመራማሪዎቹን ያስደነቃቸው እሱ ነው፤ መቆሙ ከትልቁ አንጎል ቀድሞ መጥቷል ማለት ነው።

ዕድሜውን በምን አወቁት ላልሽው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው አጥንቱ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ያለው ማዕድን ፖታሲየም አለው። ከዚያ ፖታሲየም ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይወጣል፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ውስጡ ታስሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ የተጠራቀመውን ለክተው እሳተ ገሞራው መቼ እንደፈነዳ ያሰላሉ። ካርቦን የሚባለው መለኪያ እዚህ አይሠራም፣ ከ50 ሺህ ዓመት ወዲያ አይዘልቅም።

ለእኛ ለጅማዎች ደግሞ ከድንቅነሽ የሚቀርብ አለ። ጊቤያችን ወርዶ ኦሞ ይሆን የለ? ታችኛው ኦሞ ኪቢሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው አጽም የእኛው ዓይነት ሰው ነው፣ ዕድሜውም ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ነው ተብሏል። ወንድምሽ ስለ አዳም ሲያስብ ከሳይንሱ ጎን ማነጻጸር ያለበት ከዚህ ጋር ነው እንጂ ከድንቅነሽ ጋር አይመስለኝም።

ቀጥተኛው
መምህር ይቅርታ፣ ይሄ የኦሞ አጽም ድሮ 195 ሺህ ነው ሲባል አልነበር? አሁን 230 ሆነ። ነገስ ስንት ሊሉን ነው? በየጊዜው በሚቀያየር ነገር የልጅ እምነት ማናጋት ተገቢ አይደለም።

ባዮሎጂ አስተማሪ
ወንድሜ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 195 ሺህ ተብሎ ነበር። ከአጽሙ በላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን በጣም የደቀቀ ስለነበር ዕድሜውን በቀጥታ መለካት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአመዱን ኬሚካላዊ ይዘት ሲመረምሩ ከሻላ እሳተ ገሞራ የወጣ ሆኖ ተገኘ። ይሄው ዛሬ ሐይቅ የተኛበት የእኛው ሻላ! ፍንዳታው ከ233 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ልኬቱ ወዲያና ወዲህ 22 ሺህ ዓመት ሊል ይችላል። አጽሙ ከአመዱ በታች ስላለ ከዚያ ይቀድማል። እንግዲህ አዲስ መረጃ ሲመጣ ቁጥሩ ታረመ፣ ማን በምን ምክንያት እንዳረመው ደግሞ ተጽፎ ተቀምጧል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ነው የማምነው። ሲታረም ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሄደው፣ ወደ ሰባት ሺህ አልቀረበም።

የሰንበት ተማሪ
እኔ ከቤተ ክርስቲያን በኩል ልበል። ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት በሚናገረው መጽሐፍ፣ አክሲማሮስ ላይ እንደተማርነው እግዚአብሔር አዳምን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ፈጠረው። ነፍሱ ደግሞ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፣ የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች ማለት ነው። ይህንን አጥንት አያሳይም፣ ሊያሳይም አይችልም። ልጁ ይህን አጥብቆ ይያዝ።

ግን እህታችን ግጭቱ የቱ ጋ ነው ስላለች መሸፋፈን አልወድም። አንዳንዱ «ሺህ ዓመት በፊትህ እንደ ትናንት ቀን» የሚለውን መዝሙር ጠቅሶ ቀኖቹን ሚሊዮን ያደርጋቸዋል። በእኛ ትውፊት ግን ያው ቃል ቀድሞም ሥራ ላይ ውሏል፤ ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል አድንሃለሁ» የተባለው ተስፋ፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ፣ እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት የሚባለው በዚሁ ነው። ዓመተ ዓለም የምንለው፣ ልጁ የጠቀሰው የሰባት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ቁጥር ከዚያ የመጣ ነው። ቁጥሩን ወደ ሚሊዮን መሳብ አባቶች ያላሉትን ማለት ይሆናል። ስለዚህ በዓመቱ ላይ ልዩነት አለ። እኔ በሃይማኖቴ እጸናለሁ፣ አጥንቱንም ውሸት ነው አልልም፣ ሄጄ አይቸዋለሁ። አባቴ ነው ሲሉኝ ግን አልቀበልም።

የጅሬን እናት
አሰላሙ ዐለይኩም። ለጎረቤትሽ ልጅ ይሄን ንገሪልኝ። ቁርኣን ላይ ከአደም እስከ ዛሬ ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጥር የለም። ስለዚህ ምድር በጣም አሮጌ ናት መባሉ እኛን አያስጨንቀንም። ሱረቱል ሒጅር ላይ አላህ ሰውን ከጭቃ እንደፈጠረው ይናገራል፣ ይሄ እምነታችን ነው። ብዙ ዑለማዎች የእንስሳትን መለዋወጥ በተመለከተ ለምርምር ቦታ ይተዋሉ፣ አደም ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ፣ ያለ አባትና ያለ እናት በአላህ ተፈጠረ ይላሉ። የእሷ ጥያቄ እዚያ ላይ ነው የሚጠብቃት፣ ዓመቱ ላይ አይደለም። የእኔም ሴት ልጅ ጠይቃኛለች፣ ዝም በይ ግን አላልኳትም። ዝም ያልናት ልጅ ስልኳ ላይ ነው የምትጠይቀው።

የሄርማታ እህት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዲያቆን ነህ መሰለኝ፣ ያልሸፋፈንከው ነገር በጣም ረድቶኛል። እስካሁን «አይጋጭም፣ አይጋጭም» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። መምህር፣ ፈተናውስ? አዲስ አበባ ብወስደውስ ድንቅነሽን ያያታል?

ባዮሎጂ አስተማሪ
ፈተናው የሚጠይቀው ክፍል ውስጥ የተማረውን ነው። «በተመራማሪዎች ጥናት መሠረት» ብሎ ይጀምርና የተማረውን ይጻፍ፣ እምነቱን ካደ ማለት አይደለም። እኔ ፈተና ሳርም የማየው ማስረጃውን መረዳቱን ነው፣ ማመን አለማመኑን አልጠይቅም።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰጂው። ለሕዝብ የሚታየው ቅጂዋ ነው፣ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ቀድመሽ ንገሪው፣ እዚያ ሲደርስ እንዳይከፋው። «ሰላም» የተባለችውንም አጽም ፈልጉ፣ አፋር ውስጥ ዲኪካ የተገኘች የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት፣ ከድንቅነሽም ትቀድማለች። ያገኛት ቡድን መሪ ኢትዮጵያዊው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። ወንድምሽ ይህን ሥራ የእኛም ሰው እንደሚሠራው ይወቅ።