ልጄን ትንሹ ሃይስኩል ላስገባት ወይስ ይቅር?

ሰላም ወገኖች፣ ሲያትል ነው የምኖረው። ልጄ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሁን 17 ሞልቷታል። ዋሽንግተን ስቴት ከሃይስኩል ለመመረቅ 24 ክሬዲት (አንድ ኮርስ ሲያልፉ የሚያዝ ነጥብ) ይጠይቃል። እሷ ገና ግማሹን አልሞላችም። የትምህርት ቤቷ አማካሪ "ወደ አንድ ትንሽ አማራጭ ሃይስኩል ብትዛወር ይሻላታል" አለችኝ፤ በመደበኛው ትምህርት ቤት ወደኋላ ለቀሩ ልጆች የሚሆን ማለት ነው።

አብረን ሄደን አየነው። አሥራ ሁለት ተማሪ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል፤ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠሩት። ልጄ ትልቁ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ቀን እጇን አውጥታ አታውቅም፤ እዚያ ግን ጠየቀች። ልቤ ሞላ። ስንወጣ ግን "እማዬ፣ እንደኔ ዓይነት አንድም ልጅ የለም እኮ" አለችኝ። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። አሁን ባለችበት ቢያንስ ምሳ ሰዓት ላይ በአማርኛ የምታወራቸው ጓደኞች አሏት።

እዚህ እስከ 21 ዓመት በነፃ መማር ስለሚቻል ጊዜውስ አላት። ግን ለትምህርት ቤት በጀት የሚመጣው በተማሪ ቁጥር ነው። እንዲህ ትንሽ ቦታ ላይ እንግሊዝኛ የሚያግዛት አስተማሪ ታገኝ ይሆን?

ልጁን እንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት ያስገባ ካለ በናታችሁ ንገሩኝ። ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ? ልጃችሁስ ለመደ? እስከ ዓርብ መልስ መስጠት አለብኝ።