ለማርባት የተሰጠው ሰው ላሟን ሸጣት፤ ሌባ ይባላል?

የቡሬው ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ። አባቴ አምና አንዲት ላም ለጎረቤት ቀበሌ ሰው ለማርባት ሰጠ። ውላቸው የቃል ነው፤ ወተቱ የአርቢው፣ የሚወለደው እኩል። ሰውዬው በክረምት «ሞተች» አለን። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቦቃዋን፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀውን፣ ሌላ ሰው ይዟት አገኘናት። ገዝቼ ነው አለ። ፖሊስ ጋ ስሄድ ሌባ ነው ብዬ ልክሰሰው?

ዳሞት፦ ሌባ ነዋ! የሰው ላም ሸጦ በልቶ ሌላ ምን ሊባል ነው?

የማርቆሱ ጠበቃ፦ ዳሞት ወንድሜ፣ ቀስ በል። በ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665 መሠረት ስርቆት የሚሆነው፣ አንድ ሰው የማይገባውን ጥቅም ለማግኘት አስቦ የሌላውን ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲወስድ ነው። ላም ተንቀሳቃሽ ናት፤ ንብረቷም የአባትየው ነው። ነገር ግን ሰውዬው ከበረት አልነዳትም፤ አባትየው ራሳቸው ገመዷን አስይዘውታል። በአደራ የተሰጠህን የራስህ ካደረግህ አንቀጽ 675 ይመጣል፤ እምነት ማጉደል ይባላል።

ሌሊት መጥቶ ነድቷት ቢሆን ስርቆት ነበር፤ ቅጣቱ እንደ ነገሩ ሁኔታ ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት። በቡድን ተደራጅተው ቢሆን ወደ ከባድ ስርቆት፣ አንቀጽ 669 ይሻገራል። እረኛውን በዱላ አስፈራርቶ ቢወስዳት ደግሞ ውንብድና ነው፤ አንቀጽ 670፣ ከ1 እስከ 15 ዓመት። ላሟ ያችው ናት፤ የወንጀሉን ስም የሚለውጠው አወሳሰዱ ነው።

የቡሬው ልጅ፦ እግዜር ይስጥህ ጋሼ። ገዢውስ? «እኔ ብሬን ከፍያለሁ» እያለ ነው።

የማርቆሱ ጠበቃ፦ የወንጀል ፍሬ መሆኗን እያወቀ ወይም መገመት እየቻለ ከገዛ በመሸሸግ ይጠየቃል፤ አንቀጽ 682። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት፣ በደህና ዋጋ ከገዛ ግን ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። በግማሽ ዋጋ፣ ማታ፣ ከጓሮ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው።

እትዬ ከሞጣ፦ ልጄ፣ አንቀጹን ለዐቃቤ ሕግ ተውለት። አንተ የሆነውን በቅደም ተከተል ተናገር። ላሟ ስትሰጥ የነበሩት እነማን ናቸው? «ሞተች» ሲል ማን ሰማ? ያቺ ቃል ትልቅ ናት፤ የዋሸው ለምን እንደሆነ ያስጠይቀዋል። ሽማግሌም ቢገባ ደግ ነው፤ ግን ሽምግልናው ሲጓተት ላሟ ሌላ ገበያ እንዳትወጣ።

ዳሞት፦ እሺ ተረታሁ። ግን «ድርሻዬን ነው የሸጥኩ» ቢልስ?

የማርቆሱ ጠበቃ፦ ይላል፣ የሚጠበቅ ነው። እኩል የተባለው ጥጃው እንጂ እናቲቱ እንዳልሆነች ምስክሮቹ ይናገሩ። ያ ካልተረጋገጠ ጉዳዩ ወደ ፍትሐ ብሔር ክርክር ሊንሸራተት ይችላል። የቡሬው፣ ዛሬውኑ ላሟን በስልክህ ፎቶ አንሳት፤ ጆሮዋ በደንብ ይታይ።

የቡሬው ልጅ፦ አንስቻታለሁ። ነገ ከአባቴና ከሁለቱ ምስክሮች ጋር ወረዳ ፖሊስ እንሄዳለን።