አይፕሪፍላቮን ለአጥንት መሳሳትና ለአሚሎይድ በሽታ ይጠቅማል?

ጥያቄ (የአዲስ አበባ ልጅ)
የ67 ዓመት እናቴ በቅርቡ ተመርምረው አጥንታቸው እንደሳሳ ተነግሯቸዋል። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜም አይፕሪፍላቮን የተባለ እንክብል የላከላቸው ሲሆን፣ ብልቃጡ ላይ 200 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ እንዲወሰድ ተጽፏል፤ እሳቸውም መውሰድ ጀምረዋል። አጎቴ ደግሞ ትራንስታይሬቲን የተባለው ፕሮቲን ልብ ውስጥ እየተከማቸ በሚያመጣው የልብ አሚሎይድ በሽታ ይሠቃያሉ፤ አይሶፍላቮን የተባሉ የአኩሪ አተር ንጥረ ነገሮች ይህን ፕሮቲን ይገታሉ የሚል ጽሑፍ ስላነበብኩ ከዚሁ እንክብል ለእሳቸውም ልሰጣቸው አስቤአለሁ። የምታውቁ ብታማክሩኝ።

መልስ (ፋርማሲስቷ)
አይፕሪፍላቮን በቤተ ሙከራ የተሠራ አይሶፍላቮን ነው፤ በሃንጋሪ፣ በጣሊያንና በጃፓን ለአጥንት መሳሳት ሲታዘዝ ቆይቷል። ቀደምት ትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ሰጥተው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመውና በአራት የአውሮፓ ማዕከላት 474 የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችን ለሦስት ዓመት በተከታተለው ጥናት፣ ልክ እንደ እናትዎ በቀን 600 ሚሊ ግራም የወሰዱት ሴቶች ባዶ እንክብል ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ በአጥንት መሳሳትም ሆነ በአከርካሪ ስብራት የተለየ ጥቅም አላገኙም። ይልቁንም መድኃኒቱን ይወስዱ ከነበሩት በ29ኙ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከመደበኛው በታች ወረዱ፤ ከእነዚህም በአንድ ዓመት ውስጥ ያገገሙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ጥቅሙ ሳይረጋገጥ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ነገር በተጨማሪ ምግብ ስም ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጡ በእውነት ያሳዝነኛል።

መልስ (የፕሮቲን ተመራማሪ)
ስለ አጎትዎ ልጨምር። ትራንስታይሬቲን በአብዛኛው ጉበት የሚያመርተው፣ ከአራት ክፍሎች የተጣመረ ፕሮቲን ነው፤ ጥምረቱ ሲፈታ ክፍሎቹ ቅርጻቸውን ስተው እርስ በርስ ይጣበቁና በልብ ጡንቻ ውስጥ ይከማቻሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት የአኩሪ አተሩ ጄኒስቲን ይህን ጥምረት አጽንቶ እንደሚይዝ አሳይቷል፤ ይህ ግን በቤተ ሙከራ የታየ ውጤት እንጂ በታማሚዎች የተረጋገጠ ሕክምና አይደለም፣ ጄኒስቲንም ከአይፕሪፍላቮን የተለየ ንጥረ ነገር ነው። ጥምረቱን የማጽናት ሐሳብ በሰው ላይ ፍሬ ያፈራው ታፋሚዲስ በተባለው መድኃኒት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው የ441 ታማሚዎች ጥናት ሞትንና በልብ ሕመም ሆስፒታል መግባትን ቀንሷል። ለመሆኑ አጎትዎ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?

ጠያቂው
አዎ፣ ዋርፋሪን ይወስዳሉ።

መልስ (ፋርማሲስቷ)
እንግዲያውስ በፍጹም አይስጧቸው። አይፕሪፍላቮን ዋርፋሪንን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ ዋርፋሪኑ በደማቸው ውስጥ በዝቶ ለመድማት ሊያጋልጣቸው ይችላል። እናትዎም ብልቃጡን ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ይቅረቡ፤ የሊምፎሳይት ቁጥር የሚያሳይ ሙሉ የደም ምርመራ ያድርጉ፤ በዚያው አሌንድሮኔትን የመሰለ ስብራትን እንደሚቀንስ የተረጋገጠ መድኃኒት ይስማማቸው እንደሆነ ይጠይቁላቸው።