አልተርኔተሩ አየር ላይ ቢሞት ብቻዬን ምን ላድርግ?

ሳቢያን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ድሬ በሴስና 172 እየተለማመድኩ ነው፣ ብቻዬን የምበርበት ሶሎዬም ደርሷል። በቀደም ከኢንስትራክተሬ ጋር በስተሰሜን ሜዳው ላይ ሳለን ባትሪውን የሚሞላው አልተርኔተር ሞቶ የቮልቴጅ መብራቱ በራ። ትንሽ ቆይቶ ራዲዮው ይቆራረጥ ጀመር። እሱ ምንም ሳይደነግጥ አንዳንዱን ነገር አጠፋፍቶ መለሰን፣ በሰላም አረፍን። ግን እሱ ባይኖርስ? ቼክሊስቱን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የከበደኝ የቱን አስቀድሜ የቱን እንደማስከትል ነው። ሞተሩስ አይጠፋም? ራዲዮው ከሞተ ታወሩ እንዴት ያናግረኛል?

የከዚራ ልጅ፦
አቦ አትጨነቂ፣ ሞተሩ አይጠፋም። ብልጭታ የሚሰጡት ማግኔቶዎቹ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ከባትሪው ጋር ጉዳይ የላቸውም። እኔ ብሆን የአልተርኔተሩን ስዊች እስኪመለስ ድረስ እያጠፋሁ አበራለሁ።

አሮጌው አስተማሪ፦
ስለ ማግኔቶው ልክ ነህ ልጄ፣ በስዊቹ ግን አልስማማም። ቼክሊስቱ እንደሚለው አንድ ጊዜ ይሞከራል፣ ካልተመለሰ በቃ ይተዋል። ዘሎ የወጣ ሰርኪዩት ብሬከርም (ኮረንቲ ሲበዛ የሚቆርጠው ቁልፍ) እንደዚያው ነው። እንደገና ከዘለለ የሆነ ቦታ ሽቦ እየጋለ ይሆናል፣ አየር ላይ ደግሞ ጭስ ከራዲዮ መጥፋት እጅግ ይከፋል።

አንቺ ልጄ፣ መብራቱ ሲበራ እጅሽ ቶሎ ወደ ስዊች አይሂድ። መጀመሪያ አድማሱን እዪ፣ ፍጥነትሽንና ከፍታሽን ያዢ። ተማሪ ሲደነግጥ አንገቱን ደፍቶ ፓኔሉን ያፈጥጣል፣ አይሮፕላኑ ቀስ እያለ በአንድ ክንፉ ማዘንበል ይጀምራል፤ ይህን ስንቴ አይቻለሁ። የቆየው 172 ከሆነ የፍጥነትና የከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ነው፣ ባትሪው ቢሞትም ይሠራል። ባለ ስክሪኑ ከሆነ ተጠባባቂዎቹን መለኪያዎች ተጠቀሚ።

ከዚያ ወደ ቤት አዙሪ። ለዚህ ጂፒኤስ አያስፈልግሽም፤ ደቡቡን ተራራው ዘግቶታል፣ ሐዲዱ አለ፣ የደቻቱ አሸዋ ከተማውን ለሁለት ሲከፍለው ከሩቅ ይታያል። ራዲዮው ሳይሞት ችግርሽንና ያለሽበትን ተናገሪ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፊ። ከባትሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ አትጠብቂ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ፍላፑን፣ ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደውን ክፍል ነው። የ172 ፍላፕ በኤሌክትሪክ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሙሉ በሙሉ ካወረድሽው በኋላ ባትሪው ቢያልቅና ማረፉ ሳይሆን ቀርቶ መነሳት ቢኖርብሽ፣ መልሰሽ ልትሰበስቢው አትችዪም። ሜዳችን ከባሕር ወለል 3,800 ጫማ ገደማ ላይ ነው፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ ግን አይሮፕላኑ 7,000 ጫማ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚበረው። በዚያ ላይ ሙሉ ፍላፕ ወርዶ መውጣት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ያለ ፍላፕ እረፊ። ፍጥነትሽ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ማቆሚያውም ይረዝማል፤ የድሬ ማኮብኮቢያ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ከበቂም በላይ ነው። ከሶሎሽ በፊት ኢንስትራክተርሽ ያለ ፍላፕ ደጋግሞ ያሳርፍሽ።

ሳቢያን፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የፍላፑ ነገር ጭራሽ አልታየኝም ነበር። ታወሩስ?

ማማ ላይ፦
እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ነው። ባትሪው እያለ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) 7600 ላይ አድርጊ፤ ራዲዮሽ እንደሞተ የሚነግር ኮድ ነው። ከዚያ የመንገደኛ አይሮፕላን እየገባ እንዳይሆን ዙሪያሽን እያየሽ ወደ ሜዳው ነይ፣ ዓይንሽንም ከማማው አትንቀዪ። የማይቋረጥ አረንጓዴ መብራት ካሳየንሽ እረፊ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል አረንጓዴ ለማረፍ ተመለሺ ማለት ነው፣ ቆይቶ የማይቋረጠው ይከተላል። የማይቋረጥ ቀይ ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተሽ መዞርሽን ቀጥዪ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ደግሞ ሜዳው አደገኛ ነው አትረፊ። እንዳየሽው እንድናውቅ ክንፍሽን ግራና ቀኝ አወዛውዢ።

ብርሃኑ በቀትር ፀሐይ እንደምታስቢው ደማቅ አይደለም፣ ተማሪው ደግሞ ሥዕል ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከኢንስትራክተርሽ ጋር ስትወጪ በራዲዮ ጠይቂን፣ ሥራ ካልበዛብን እናሳይሻለን።