ለስፌት ቤትና ለጨርቅ መሸጫ የመንግሥት ብድር፦ ማሽኑ በሊዝ፣ ጨርቁስ?

ክርና መርፌ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ስፌት ቤት ከጨርቅ መሸጫ ጋር ልከፍት ነው። ሁለት የኢንዱስትሪ ማሽን፣ አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚይዝ ማሽን) እና የመጀመሪያ ዙር ጨርቅ ያስፈልገኛል። የማስይዘው ቤትም መኪናም የለኝም። ማሽን በሊዝ፣ ማለትም እየተጠቀሙ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ፣ ይሰጣል ሲባል ሰማሁ፤ ጨርቁንም ይጨምራል?

የብድር ባለሙያ
አይጨምርም እህቴ። ሊዝ ለማሽን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ «አዲስ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ» የሚባለው ድርጅት፣ አማራ ክልል ላይ «ዋልያ ካፒታል ዕቃ ፋይናንስ»፣ ከፍ ላለ ፕሮጀክት ልማት ባንክ ይሠሩበታል። የተለመደው 20 በ80 ነው፦ ማሽኖቹ 200,000 ብር ቢያወጡ 40,000ውን አንቺ ታዋጫለሽ፣ ቀሪውን እነሱ ይሸፍናሉ። ብሩ ግን እጅሽ አይገባም፣ በቀጥታ ለአቅራቢው ይከፈላል። ከፍለሽ እስክትጨርሺ ማሽኑ የእነሱ ስለሆነ ነው ቤት አስይዢ የማትባዪው።

ንግድ ፈቃድሽን ቀድመሽ አስተካክዪ። የጨርቅ ችርቻሮ ፈቃድ ለስፌት ማሽን አያገለግልም፤ ስፌቱ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። ፕሮፎርማም (አቅራቢው የሚሰጥሽ የዋጋ ማቅረቢያ) የሚያበቃበት ቀን አለው። ፋይልሽ ጠረጴዛ ላይ ሲጉላላ ቀኑ ካለፈና ዋጋ ከጨመረ፣ ልዩነቱን ከኪስሽ ነው የምትሞዪው፤ አለዚያ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ።

ሜካኒክ
ፕሮፎርማው ላይ «ስፌት ማሽን 2» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። ሞዴሉ፣ ጠረጴዛውና ሞተሩ አብረው መሆናቸው፣ ሲንግል ፌዝ (በተራ የቤት መብራት የሚሠራ) መሆኑ ይስፈር። ባለ ሦስት ፌዝ ከመጣ በተራ የኪራይ ቤት ቆጣሪ አይነሳም። ሞተሩ ስትረግጪው ብቻ የሚዞረው ሰርቮ ይሁን፤ ክላች የሚባለው ሞተር ረከስ ቢልም ባትሰፊም ስለሚዞር መብራት ይበላል። ኦቨርሎኩ ባለ 4 ክር ቢሆን ይመረጣል፣ ባለ 3ቱ ጠርዝ ለመያዝ እንጂ የሚለጠጥ ጨርቅ ለመገጣጠም አስተማማኝ አይደለም።

ርክክብ ላይ ሳትፈርሚ በፊት ወፍራምም ስስም ጨርቅ ሰፍተሽ ሞክሪ፦ በ16 ቁጥር መርፌ ጅንስ፣ በ11 ሽፎን። መለያ ቁጥሩንም ከሰነዱ ጋር አመሳክሪ። ድርጅቱ ለአቅራቢው የሚከፍለው ያንቺን ፊርማ አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ክር እየበጠሰ ቢያስቸግርሽ እንኳ ወርሃዊ ክፍያው አይቆምልሽም።

ጣቃ በጣቃ
ለጨርቁ የሥራ ማስኬጃ ብድር ነው የምትጠይቂው፣ ከአዲስ ብድርና ቁጠባ ዓይነት ተቋም። እዚያ ደመወዝተኛ ዋስ ወይም የቡድን ዋስትና ይጠየቃል። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትን በዋስትና መያዝ ቢፈቅድም ገና ያልገዛሽውን ጨርቅ ተማምኖ የሚያበድር አትጠብቂ።

ስትፈርሚ ወለዱ በምን እንደሚታሰብ ጠይቂ። 100,000 ብር ለአንድ ዓመት በ15 በመቶ፣ በመነሻው ብድር ላይ ከታሰበ 15,000 ነው፤ ዋናውን በየወሩ እኩል እየከፈልሽ በቀሪው ላይ ከታሰበ 8,125 ብቻ። የመቶኛው ቁጥር ያው ነው፣ የምትከፍዪው ግን በግማሽ ገደማ ይለያያል።

ጨርቁን በቀለም ብዛት አትጀምሪ፣ ብዙ ሱቅ ብሩ የሚታሰረው እዚያ ነው። ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ ገበርዲን በጣቃ፣ ሌላውን በቁርጥ ያዢ። ወርዱንም ለኪ፦ 1.50 ከሆነ ለአንድ ሱሪ 1.20 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ 1.15 ከሆነ ሁለት ሜትር እንኳ ሊሄድብሽ ይችላል፤ በሜትር ረከሰ ብለሽ የገዛሽው ይወደድብሻል። ብድሩን ሰኔ ላይ እጅሽ እንዲገባ አድርገሽ ጠይቂ። የዩኒፎርም ሥራ ከመስከረም በፊት ነው፣ ጥቅምት ላይ የገባ ብር የመጀመሪያዎቹን ክፍያዎች የሚሸፍን ገበያ አያገኝም።

ክርና መርፌ
እግዜር ይስጥልኝ። የሱቁ ኪራይ ውል የአንድ ዓመት ነው፣ ችግር አለው?

የብድር ባለሙያ
የሊዙ ክፍያ ከዚያ ስለሚረዝም ይጠይቁሻል። አከራዩ እንደሚያድስልሽ የሚገልጽ አንቀጽ ውሉ ላይ አስጨምሪ። ሱቅ ብትቀይሪ ደግሞ መጀመሪያ በጽሑፍ አሳውቂያቸው፤ ለክትትል መጥተው ማሽኑን ከቦታው ካጡት ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ነው።