ደሴ፦ የባልዲው ሂቢስከስ በአንድ ሌሊት በአንድ ጎኑ ጠቆረ፤ ምን መታው?

ጠያቂ (ሆጤ)
ሰላም ለሁላችሁ። በ20 ሊትር ባልዲ የተተከለ ቀይ ሂቢስከስ ነው፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። ግማሹ ታዛ ሥር ነው፣ ግማሹ ወደ ግቢው ወጥቷል። ሐሙስ ጠዋት የውጭው ጎን ቅጠል የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ጠቁሮና ልሞ ተገኘ። ቅዳሜ ደርቆ ቡናማ ሆነ፤ ሲነኩት ይፈረፈራል። ታዛ ሥር ያለው ጎን ደህና ነው። ከታች 3 ወይም 4 ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱም ጠርዙ ተበልቷል። ከ2 ሳምንት በፊት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ ተደርጎበታል። ውሃ በየቀኑ ማታ ይጠጣል። ያቃጠለው ዩሪያው ነው? የደረቀውን ልቁረጠው?

ችግኝ ኮምቦልቻ
ዩሪያው በዝቷል። ለአንድ ባልዲ አፈር የሾርባ ማንኪያ ሙሉ፣ ያውም ሳይሟሟ ከሆነ፣ ሥር ያቃጥላል። ከባልዲው ሥር እስኪወርድ ድረስ 40 ሊትር ያህል ውሃ ቀስ እያደረግሽ አሳልፊበት፤ የማዳበሪያውን ጨው አጥቦ ይወስዳል። የልብስ እጣቢም የሚደፋበት ከሆነ ይቁም። በረኪና ያለበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

የጦሳ ሥር
ዩሪያው መብዛቱ እውነት ነው፤ ይሄን ያደረገው ግን እሱ አይደለም። ዩሪያ ያቃጠለው ተክል መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይደርቃል፤ ዙሪያውን ነው እንጂ ታዛ ለይቶ አይመታም። በአንድ ሌሊት ጠቁሮ መላሙ፣ በሦስተኛው ቀን መፈርፈሩ፣ የተሸፈነው ጎን መትረፉ፦ ውርጭ ነው። በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ቅጠል ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ታዛው ያንን ሙቀት ይመልስለታል። ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ የደሴ 2,500፤ እዚያ ሳይነካው የሚከርም ሂቢስከስ እዚህ ይመታል። የዩሪያው ጥፋት ሌላ ነው፤ ለጋ፣ ውሃ የሞላው ቅርንጫፍ አስወጥቶ ለብርዱ አጋልጦታል።

አሁን አትቁረጪ። በጥፍርሽ ቅርፊቱን ከጫፍ ወደ ታች በየስንዝሩ ፋቅ ፋቅ አድርጊ። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል።

ጠያቂ (ሆጤ)
ፋቅኩት። ከጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቡናማ ነው፣ ከዚያ በታች አረንጓዴ። በእንቡጡ አንገት ላይ ግን ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ተሰብስበዋል፤ ጉንዳንም ግንዱ ላይ ይመላለሳል።

የሐይቁ ዳር
አብሽሪ እህቴ፣ ይተርፋል። ነፍሳቱ ክሽክሽ ናቸው፤ ጉንዳኑ የሚመጣው የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊልስ ነው። 1 ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ፣ የልብስ ዱቄት ሳሙና ሳይሆን፣ የቅጠሉን ጀርባና እንቡጡን እርጭ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ ቀን አሳድሪው። በጠዋት ይሁን፣ ማታ ሳይደርስ እንዲደርቅ፤ በየ6 ቀኑ 3 ጊዜ። ጠርዙን የበላው ፌንጣ ሊሆን ይችላል። የሚያብረቀርቅ የደረቀ ልጋግ ካየሽ ግን ቀንድ አውጣ ነው፤ ማታ በባትሪ ፈልገሽ ልቀሚው።

የጦሳ ሥር
ቢጫው ቅጠል ከውሃው ነው። በብርድ ወቅት ተክሉ ብዙም አይጠጣም፤ በየቀኑ ሲጠጣ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፤ ደረቅ ከሆነ ብቻ፣ በጠዋት፣ አጠጪ። ባልዲው ሥሩ ካልተበሳ 5 ወይም 6 ቦታ ብሺው፤ ሳህን ላይ ውሃ አይቋጠርበት። ችግኝ ኮምቦልቻ ያለውን እጥበት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፀሐይ ባለበት ቀን ረፋድ ላይ አድርጊው፤ ከዚያ አፈሩ ይድረቅ።

ባልዲውን ፀሐይ ሲሞቀው የዋለ የድንጋይ ግድግዳ ጥግ፣ ታዛ ሥር አስጠጊው። ሰማዩ ጥርት ካለ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ እስከ መሬት ድረስ አልብሺው፤ ፕላስቲክ ቅጠሉን አይንካው፣ የነካበት ቦታ ይመታል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግለጪው። ማዳበሪያ እስኪያቆጠቁጥ የለም፤ ፎስፈረስ ያለበት ኤንፒኤስ ማዳበሪያም ይቅር፣ ሂቢስከስ ፎስፈረስ ሲበዛበት አይወድም። የሞተውን ጫፍ በየካቲት መጨረሻ፣ ከአረንጓዴው ቡቃያ ግማሽ ሴንቲሜትር ከፍ አድርገሽ ቁረጪው። አሁን ብትቆርጪው አዲስ ቡቃያ ያወጣና የጥር ውርጭ ያንኑ ይበላዋል።