«ጅብ እስኪነክስ ያነክስ»፦ ለ«ቪላን» አማርኛ ስንፈልግ

በረካ
ሰላም የቃላት ወዳጆች። አጭር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ተራኪው ደላላ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናትን አታሎ ቤታቸውን በግማሽ ዋጋ ያሸጣል። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው። «አልዋሸሁም። ያልተጠየቅኩትን አልመለስኩም፣ ሌላ ምን አጠፋሁ?» ይላል መክፈቻው ላይ። ጓደኛዬ አንብባው «ቪላኑን ወደድኩት፣ ከዚያ በራሴ አፈርኩ» አለችኝ። እና ጥያቄዬ፦ እንግሊዝኛው «ቪላን» የሚለው የታሪክ ክፉ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል? «መጥፎ ሰው» ብል ቀለለብኝ።

ፊደል ቆጣሪ
ክፍል ውስጥ የተማርነው «እኩይ ገጸ ባሕርይ» ነው። እኩይ ግዕዝ ነው፣ ትርጉሙም ክፉ። «አቡነ ዘበሰማያት» መጨረሻው ላይ «እምኵሉ እኩይ» የሚለው፣ አማርኛው «ከክፉ ሁሉ» ነው። ተቃራኒው ሠናይ።
ለአንቺ ታሪክ ግን አይመችም። እኩይ ብለሽ ስትጠሪው ፍርዱ ቀድሞ ወጣ። «እኔ እኩይ ነኝ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው የለም። «ባላንጣ»ም አይሆንም፣ ባላንጣ የሌላ ሰው ባላንጣ ነው። የአንቺ ደላላ የማንም አይደለም። ወሬው የራሱ ነው። ስለዚህ በቃ «ባለታሪክ» በይው። ባለሱቅ፣ ባለጋሪ እንደምንለው። ጋሪው ዛሬ በማን እጅ ነው? ጨዋታው እሱ ነው።

ሦስተኛ ረድፍ
እኔ ያደግኩት ቪዲዮ ቤት ነው፣ የእኛን ቋንቋ ልንገራችሁ። ጀግናው «አክተሩ» ነበር። «አክተሩ አይሞትም» ብለን በሳንቲም እንወራረድ ነበር። ክፉው ደግሞ «ሌባው» ነው፣ ምንም ባይሰርቅም። አስቡት፣ ሁለቱም ተዋናይ ናቸው፣ አክተር የሚባለው ግን አንዱ ብቻ። ሌባው ሲናገር እኛ እንጯጯህ ነበር። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ እነዚህን የክፉ ሰው ታሪኮች የምወደው ሳልሰማው ያለፈኝን ለመስማት ይመስለኛል።

አባ ተረት
ልጆች፣ ቃሉን ትታችሁ ወደ ጅቡ ኑ። የእኛ ተረት ውስጥ ክፉ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ደግሞ በክብር ነው የምንጠራው፣ «አያ ጅቦ» እያልን። አያ ለታላቅ ወንድም ነበር እኮ።
«ጅብ እስኪነክስ ያነክስ» የሚለውን አንድ ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ይነክስና ያነክስ። በመሃል ያለው የአንድ ፊደል ልዩነት ነው። መንከስ ጥርስ ነው፣ ማንከስ እግር። የጅብ የኋላ እግሩ ከፊቱ ያጥራል፣ ሲሄድ የሚያነክስ የሚመስለው ለዚህ ነው። የሚያየው ሰው «ምስኪን፣ ተጎድቷል» ይላል። ከዚያ ጥርሱ ይመጣል። የዘመኑ የክፉ ሰው ታሪክ ሁሉ በማንከስ ነው የሚጀምረው። አባቱ ይደበድበው ነበር፣ እናቱ ጥላው ሄደች። አንቺ አንባቢዋ እግሩን እያየሽ ታዝኛለሽ።

በረካ
አባ፣ አስደነገጡኝ! የእኔ ደላላ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ተራበ ልጅነቱ ያወራል።

ፊደል ቆጣሪ
እንግዲህ ወደ ሰዋስው ልመልሳችሁ፣ አመሌ ነው። «ሸጠባቸው» ብለሽ ብትጽፊ እኔ ዳኛ ነኝ። «ሸጥኩባቸው» ስትዪ ያቺን «ኩ» የሚያነባት የእኔ አፍ ነው። አማርኛ አድራጊውን ግሱ ላይ ይለጥፈዋል፣ ማምለጫ የለም። በየገጹ «ሸጥኩ፣ ፈረምኩ፣ ቆጠርኩ» እያልኩ አብሬው ደለልኩ ማለት ነው። የጓደኛሽ እፍረት ከዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ለስሜቱ አንድ ቃል አላገኘሁለትም። «ወዶ ማፈር» ራሱ ጥሩ ነው፣ ያዢው።

ተርጓሚዋ
አባ ተረት ሌላውን ጅብ ረሱት። ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ በታች ሆነው ይጠጣሉ። «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» አላት። ውሃ ሽቅብ አይሄድ ነገር! እሷም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው።
አመካኘ እና ምክንያት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ግን አይነጋገሩም። ጅቡ «ራበኝ» ቢል ኖሮ ምክንያት ነበር። «አደፈረስሽብኝ» ማመካኛ ነው። ሰበብም እንደዚሁ ነው። ከዐረብኛ መጥቶ እዚያ መነሻ ማለት ሲሆን፣ እኛ ጋ «ሰበበኛ» ሆኖ ተበላሸ።
ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒር ቴአትር ኦቴሎ ያያችሁ፣ የጦር አለቃውን ኦቴሎን የሚያጠፋውን ክፉ ወታደር ኢያጎን ታውቁታላችሁ። ሹመቱ ለካሲዮ ተሰጠብኝ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ኦቴሎን ከሚስቴ ጋር ጠርጥሬዋለሁ ይላል። አንዱ ካልበቃ ሌላ ይጨምራል። ኮልሪጅ የተባለው እንግሊዛዊ ገጣሚ ይህን ሲያይ፣ መነሻ የሌለው ክፋት መነሻ ፍለጋ ይዟል አለ። አህያዋ በሁለት ቃል ጨርሳዋለች።

ሦስተኛ ረድፍ
አልስማማም። ሁሉ ክፉ አያመካኝም። አንዳንዱ እኮ የምር ርቦታል። እኔን የሚይዘኝ ያ ነው፣ ሲያመካኝ ሲያመካኝ ቆይቶ በሆነ ገጽ ላይ ሳያስበው «ራበኝ» የሚላት። እዚያ ጋ መጽሐፉን አጠፍና ትንሽ እቀመጣለሁ።

ተርጓሚዋ
እሺ፣ ይህን እቀበላለሁ። በረካ፣ ደላላሽ «ራበኝ» የሚለው የት ነው? የልጅነቱን ረሃብ አይደለም የምልሽ። የዛሬውን።

አባ ተረት
ሦስተኛ ጅብ አለኝ፣ ከዚያ እተኛለሁ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» ወጣቶቹ ቀልዱ እንዳያመልጣችሁ፣ ጅብ ቁርበት ይበላል። አነጠፉለት ማለት ማዕድ አቀረቡለት ማለት ነው። በ«እኔ» የሚተርክ ክፉ የሚሄደው ወደማያውቀው አንባቢ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ማን ያነጥፍለታል?

በረካ
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ልጅነቱን ሰረዝኩ። አሁን ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ያነክሳል፣ ስለ ጉልበቱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። «ራበኝ» የሚልበትን ቦታ እስካሁን አላገኘሁም። ሴትየዋ በታሪኩ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲናገሩ አደረግኩ። ወረቀቱን ፈርመው ብእሩን መልሰውለታል። እሱ ለመውጣት እየተነሳ ነው።
«ልጄ፣ በረካውን ሳትጠጣማ አትሄድም።»